ኤልኢዲ ካስገባሁ ወዲህ የዳሽቦርዱ መብራት አልደበዝዝ አለኝ (ዲኤክስ፣ ባሕር ዳር)

የዲኤክስ_ወራሽ
ማክሰኞ ማታ 3:12

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ትንሽ ናት፤ ግን ሁለት ሳምንት አስጨንቃኛለች።

መኪናዋ ከአባቴ የደረሰችኝ አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ ናት። የጌጁ አምፖሎች ሁለቱ ተቃጥለው የቤንዚኑ ጌጅና የኮንታ ኪሎ ሜትሩ ግማሽ ማታ ማታ አይታዩኝም ነበር። ከመለዋወጫ ሱቅ አራት ኤልኢዲ ገዛሁና፣ ሁሉንም ባንዴ ልገላገል ብዬ፣ ራሴው ፈታትቼ ቀየርኳቸው። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ናቸው። የመጀመሪያው ቀን መኪናዋ ገና ከመርከብ የወረደች መሰለችኝ።

ጣጣው የመጣው ሲጨልም ነው። እናቴን ለኪዳን ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ከዓባይ ማዶ ተነሥቼ ቅዱስ ጊዮርጊስ አደርሳታለሁ። ከቤታችን እስከ ዋናው አስፋልት ባለው መንገድ አንድም መብራት የለም። ጌጁ ፊቴ ላይ ቴሌቪዥን የተከፈተ ያህል ያበራል፤ ነጸብራቁም የፊት መስታወቱ ታችኛው ክፍል ላይ ቁጭ ይላል። ባለፈው እሑድ ብስክሌቱን እየገፋ የሚሄድ ሰው ነበር። ጥቁር ጃኬት ለብሷል፣ ብስክሌቱም አንጸባራቂ የለውም። ፍሬን የያዝኩት እናቴ «ሰው! ሰው!» ብላ ስትጮህ ነው። እሷ አምና የዓይን ሞራ የወጣላት ናት፤ እኔ ደግሞ መነጽር የሚባል አድርጌ የማላውቅ የ31 ዓመት ሰው። እሷ አየችው፣ እኔ አላየሁትም።

ከመሪው አጠገብ ያለችውን ማደብዘዣ ብጠመዝዛት ብጠመዝዛት ለውጥ የለም። በድሮው አምፖል ጊዜ እስከ ጥግ ካዞሯት ጌጁ ሊጠፋ ምንም አይቀረውም ነበር። ተበላሽታ ነው? ወይስ ኤልኢዲ ጭራሽ አይደበዝዝም?


ሰማያዊ_ሌሊት
ማክሰኞ ማታ 3:20

ወንድሜ ዓይንህ ይለምደዋል፣ አታካብድ። እኔ ሚኒባሴን እስከ ጣሪያዋ ሰማያዊ ኤልኢዲ አልብሻታለሁ፤ ተሳፋሪ እየመረጠ ነው የሚገባልኝ።


ባጃጅ_በቀኝ
ማክሰኞ ማታ 3:26

«ዓይንህ ይለምደዋል»? ከትናንት ወዲያ ፋሲሎ ጋ ስፖኪዮዬን ገጭቶ የሄደው ሚኒባስም ውስጡ ሰማያዊ ነበር። እየጠየቅሁ ነው እንጂ አንተ ነህ አላልኩም ቅቅቅ


ካቻቢቴ
ማክሰኞ ማታ 3:41

ቀልዱን ተዉትና ሰውየውን እንርዳው።

ወራሽ፣ መዞሪያህ አልተበላሸችም። እዚያች መዞሪያ ውስጥ ያለው ሽቦ የተጠመጠመበት ሪዮስታት ነው፤ መብራቱን የሚቀንሰው መንገድ በማጥበብ ነው። ጠባብ በር መቶ በግ ሲያልፍበት ያስጨንቃል፤ ለአራት ዶሮ ግን መጥበቡ አይታወቃትም። የድሮው አምፖል ብዙ ከረንት ስለሚጠጣ ሪዮስታቱ ይይዘዋል። ኤልኢዲ የሚጠጣው ከዚያ ላይ አንድ ስምንተኛውን ያህል ነው፤ ሪዮስታቱ «ማን አለፈ?» ይላል።

ስለዚህ «ኤልኢዲ አይደበዝዝም» የሚሉህን አትስማ። ይደበዝዛል፣ በዚያች መዞሪያ ብቻዋን አይሆንም እንጂ።

አሁን ሦስት ነገር ንገረኝ። አንደኛ፣ መዞሪያዋን ነቅለህ በቴስተር ከጥግ እስከ ጥግ ስንት ኦም እንደምታሳይ። ሁለተኛ፣ መዞሪያዋ የተቀመጠችው ፕላሱ ላይ ነው ወይስ ማሳው (ማይነሱ) ላይ? በብዙ አሮጌ ቶዮታ ማሳው ላይ ናት፤ ይህን ሳያውቁ ሽቦ የሚቆርጡ ብዙ ናቸው፣ ፊውዝ እያቃጠሉ እኔ ጋ ይመጣሉ። ሦስተኛ፣ የቀየርከው አራቱን የጌጅ አምፖል ብቻ ነው ወይስ የማስጠንቀቂያ መብራቶቹንም ነክተሃል?


የዲኤክስ_ወራሽ
ማክሰኞ ማታ 3:58

አራቱን ብቻ ነው። የዘይቱን፣ የባትሪውን፣ የፍሬቻውን አልነካሁም። ኦሙን ነገ ለክቼ እነግርሃለሁ።


ካቻቢቴ
ማክሰኞ ማታ 4:03

እሰይ። የባትሪዋን አምፖል እንዳትነካ። በብዙ አሮጌ ዲናሞ ላይ ያቺ አምፖል ጌጥ አይደለችም፤ ሞተሩ ሲነሣ ዲናሞው ሥራ የሚጀምረው በእሷ በኩል በሚያልፈው ከረንት ነው። በኤልኢዲ የተካት ሰው «ባትሪዬ አይሞላም፣ ነዳጅ ካልሰጠሁት አይነቃም» እያለ ዲናሞ ሲያስፈታ አይቻለሁ። የአንዲት አምፖል ጉዳይ ነበር።


ሾፌር_ነበርኩ
ማክሰኞ ማታ 4:30

ልጆቼ እንደምን አመሻችሁ። እኔ የኤሌክትሪኩን ነገር አላውቅም፤ ማታ መንዳት ግን አውቃለሁ።

በእኛ ጊዜ በኤንትሬ የጭነት መኪና ጭነን ስንወርድ የጌጅ መብራት የሚባለውን ጭራሽ እናጠፋው ነበር። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ዓባይ በረሃ ስትገባ ዓይንህ ያለው ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ነው፤ ጠርዙ ካለቀ ያለው ገደል ነዋ። ማርሹን በጆሮ ነው የምታውቀው፤ የሞተሩን ሙቀት በአፍንጫ። ዘይቱን ለማየት ብልጭ ታደርገዋለህ፣ አየሁ ስትል ታጠፋዋለህ። ረዳቴ ክብሪት ሲጭር እንኳ «ወደ በሩ ዞረህ አብራ» እለው ነበር። የአንዲት ክብሪት ብርሃን ከዓይንህ እስክትለቅ አንድ ኩርባ ታልፋለህ።

እናትህ ሰውየውን ያየችው ተአምር አይደለም። ጌጁ ያለው በአንተ ፊት ነው፣ በእሷ ፊት ያለው ጨለማው ነው። ዓይኗ ጨለማውን ለምዶታል።


ጣና_ዳር_25
ማክሰኞ ማታ 4:52

ጋሼ የተናገሩት እጅግ ደስ ይላል። እኔ ፖሊ ግቢ ኤሌክትሪካል ነኝ፤ የካቻቢቴን በግና ዶሮ ወደ ቁጥር ልመልሳት።

አንዷ የድሮ የጌጅ አምፖል 3.4 ዋት ናት እንበል። ሞተር ሲሠራ ባትሪው ላይ ያለው ወደ 14 ቮልት ስለሆነ አንዷ 0.24 አምፒር፣ አራቱ 1 አምፒር ገደማ ይስባሉ። መዞሪያዋ እስከ ጥግ ስትዞር 10 ኦም ትሆናለች ብለን ብንወስድ፣ አምፖሎቹ ጋ የሚደርሰው 8 ቮልት ገደማ ነው። የአምፖል ብርሃን ደግሞ ቮልቱ ትንሽ ሲወርድ እሱ ብዙ ነው የሚወርደው፤ 14 የነበረው 8 ሲሆን ብርሃኑ ከ6 አንድ እጅ ያህል ይቀራል። «ሊጠፋ ምንም አይቀረው» ያልከው እሱ ነው።

ወደ ኤልኢዲው እንምጣ። እንዲህ ያሉት ብዙ ጊዜ ውስጣቸው ሦስት ኤልኢዲ በሲሪየስ (አንዱ ከሌላው ተከታትሎ) ከአንዲት ሪዚስተር (ከረንት ከምትቀንስ ትንሽ ዕቃ) ጋር አለ። ሦስቱ ለራሳቸው 9 ቮልት ገደማ ይይዛሉ፣ የቀረውን ሪዚስተሯ ትበላለች። አንዱ 30 ሚሊ አምፒር ይስባል ካልን፣ ያው 10 ኦም ሲጨመርበት ከ30 ወደ 24 ነው የሚወርደው። አምስተኛው ተቀነሰ ማለት ነው። ዓይን ይህን ለውጥ አይቆጥረውም፤ «ምንም የለም» ያልከው ትክክል ነህ።


ባለ_ቪትዝ
ረቡዕ ጧት 1:15

በ5 ቮልት የስልክ ቻርጀር አያይዘው፣ ይደበዝዛል። ቀላል ነገር ምን ያስለፋችኋል?


ጣና_ዳር_25
ረቡዕ ጧት 1:40

ከላይ ያለውን ያነበብክ አልመሰለኝም ወንድሜ። ሦስቱ 9 ቮልት ገደማ ካላገኙ በቅጡ አይበሩም። በ5 ቮልት መደብዘዝ ሳይሆን ድርግም ነው።


ባለ_ቪትዝ
ረቡዕ ጧት 1:44

እሺ ተሸነፍኩ 😄 ያው እዚህ እያላችሁ የኔንም ስሙኝ። ቪትዜ ላይ አንድሮይድ ስክሪን አስገጥሜ ነበር። ጌጁስ ደህና ነው፣ ስክሪኑ ነው ማታ የሚያሳውረኝ። በእጄ ብርሃኑን እቀንሳለሁ፣ ቀን ደግሞ አይታየኝም፣ መልሼ እጨምራለሁ። ምን ይሻላል?


ካቻቢቴ
ረቡዕ ጧት 2:10

ስክሪኑን የገጠመልህ ሰው ቸኩሏል። ከስክሪኑ ጀርባ ከሚወጡት ሽቦዎች «ኢሉሚኔሽን» የሚባል አንድ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ብርቱካናማ ነው። እሱ ከፓርኪንግ መብራቱ መስመር ጋር መገናኘት አለበት። ያን ጊዜ መብራት ስታበራ ስክሪኑ ራሱ ወደ ሌሊት ይቀየራል። ብዙ ቦታ በናስትሮ ጠቅልለው ይተዉታል፣ ስክሪኑ ያለሱም ስለሚሠራ። ካገናኘኸው በኋላ የስክሪኑ ቅንብር ውስጥ ገብተህ የሌሊቱን ብርሃን ዝቅ አድርገው።

ደግሞ የአዳዲሶቹ መኪናዎች አንድ ጉድ አለ፤ ጌጃቸው ቀንም ማታም ይበራል። ድሮ ጌጁ ሲጨልምብህ «መብራቴን አላበራሁም» ትል ነበር። አሁን ጌጁ ቦግ ብሎ ስለሚታይ፣ ዘንባባው ሥር ደግሞ የመንገድ መብራት ስላለ፣ ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ የፊት መብራት ሳያበራ የሚሄድ ሞልቷል። ጥቁር ቪትዝ ያለ መብራት! አንተን ማለቴ አይደለም።


ባለ_ቪትዝ
ረቡዕ ጧት 2:14

የኔ ነጭ ናት። መብራት ረስቼ የወጣሁበት ቀን ግን አይጠፋም፣ አልዋሽም።


ዓይን_ነርስ
ረቡዕ ቀን 7:05

የምሳ ሰዓት ላይ ነኝ፤ የዓይኑን በኩል ልጨምር። ሾፌር ነበርኩ ያሉት አባት የክብሪቷን ነገር በልምድ ነው የደረሱበት፣ እኛ ደግሞ ትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ አንድ ነው።

ዓይናችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ህዋሳት አሉ። አንደኞቹ ለቀንና ለቀለም ናቸው። ሌሎቹ ለጨለማ ናቸው፤ ቀለም አይለዩም፣ ግን በጣም ትንሽ ብርሃን ይበቃቸዋል። የጨለማዎቹ ሙሉ ኃይላቸውን የሚያገኙት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ ከቆዩ በኋላ ነው። ያን ሁሉ ያጠራቀሙትን ለማጣት ግን ደማቅ ብርሃን ለጥቂት ሰከንድ ይበቃል። ሲሄድ በፈረስ፣ ሲመለስ በእግር ነው።

እንግዲህ የወራሽን መንገድ አስቡት። አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ በ40 ብትነዳ 34 ሰከንድ ያህል በብርሃን ውስጥ ነህ። እናትህን አድርሰህ ለብቻህ ስትመለስ፣ ከዚያ ብርሃን ወጥተህ መንደር ውስጥ ስትገባ ዓይንህ ባዶ እጁን ነው። ለዚህ ምንም ማድረግ አይቻልም፣ ፍጥነት ከመቀነስ በቀር። ጌጁ ግን 34 ሰከንድ ሳይሆን መንገዱን ሁሉ ፊትህ ላይ ነው። ጨለማው ውስጥ ገብተህም ዓይንህ መልሶ እንዳይለምድ ይይዝሃል።

ሰማያዊው ደግሞ የባሰ ነው። የጨለማ ህዋሳቱ በጣም የሚነቁት ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ በሚጠጋ ብርሃን ነው፤ ስለዚህ ቶሎ የሚደክሙትም በእሱ ነው። ቀይ ብዙም አይነካቸውም።

መብራቱም ጌጁም ደህና ሆነው ሳለ ማታ ማታ በጣም የማይታያችሁ ካላችሁ ግን ዳፍንት ሊሆን ይችላል። የቫይታሚን ኤ እጥረት አንዱ ምክንያት ነው፣ ሌሎችም አሉ፤ ተመርመሩ እንጂ መኪና አታስፈቱ።


ሰማያዊ_ሌሊት
ረቡዕ ቀን 7:30

ስለዚህ ቀይ ላድርገው? ሚኒባሴ ቡና ቤት ትመስላለች እኮ።


ባጃጅ_በቀኝ
ረቡዕ ቀን 7:33

አሁንስ ምን ትመስላለች 😂


ዓይን_ነርስ
ረቡዕ ቀን 7:41

ቀይ ግዴታ አይደለም። ቀይም ቢሆን ደማቅ ከሆነ ያውካል። ዕድሜያቸው ከ45 ያለፈ፣ የቅርብ ነገር ማንበብ የሚያስቸግራቸው ሰዎች ደግሞ ቀይ ጽሑፍ ላይ ዓይናቸውን ማስተካከል ይከብዳቸዋል። ዋናው መጠኑ ነው። ቁጥሩን ለማንበብ ከበቃህ፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ትርፍ ነው። የጣሪያህን ሰማያዊ ግን እየነዳህ አጥፋው፤ ተሳፋሪ ሲወጣና ሲወርድ አብራለት። እሱም ሳንቲሙን ያይበታል።


ሾፌር_ነበርኩ
ረቡዕ ማታ 2:20

ተባረኪ ልጄ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ከጌጁ ውጪ ነው። ከፊትህ የሚመጣው ረጅም መብራት አላወርድ ካለህ አንተም ለእልህ አትለቅበት። ሁለት ዕውር ከሚገናኝ አንድ ዕውር ይሻላል። ዓይንህን ከመብራቱ አንሥተህ ወደ ቀኝ፣ ወደ አስፋልቱ ጠርዝ አድርግ፤ እስኪያልፍ ጠርዙን ይዘህ ሂድ። መስታወቱን ደግሞ በውስጥ በኩል ጥረጉት። ከውጭ ሁሉም ያጥበዋል፤ ከውስጥ ግን አቧራና የዳሽቦርዱ ፕላስቲክ ትነት የሚያለብሰውን ስስ ቅባት የሚያየው የለም፤ ብርሃን ሲያርፍበት ጉም ይሆናል። በእርጥብ ጋዜጣ ማሸት ይበቃል።


የዲኤክስ_ወራሽ
ረቡዕ ማታ 3:35

ጋሼ አመሰግናለሁ፣ መስታወቱን አሁኑኑ በጋዜጣ አሸሁት፤ ጋዜጣው ጥቁር ሆኖ ወጣ። አፈርኩ።

ለካሁ። መዞሪያዋ ከ0 እስከ 10 ኦም ናት፤ ጣና ዳር እህቴ፣ እንዴት ገመትሽው? የተቀመጠችውም ካቻቢቴ እንዳለው ማሳው ላይ ነው።

አሁን ምን ላድርግ? ከነገ ወዲያ ዓርብ ነው፣ ኪዳን አለ።


ጣና_ዳር_25
ረቡዕ ማታ 3:50

10 ኦምን የገመትኩት ቁጥሩ ክብ ስለሆነልኝ ነው ቅቅቅ፣ እንዲህ ይገጥማል ብዬ አልጠበቅሁም።

መንገዱ ብዙ ነው። አንደኛው ከአራቱ ኤልኢዲ አንዱን ወይም ሁለቱን አውጥተህ የድሮ አምፖል መመለስ ነው። በጎቹ ሲመለሱ በሩ ይጠብባል። እንደ ስሌቴ አንድ አምፖል ከመለስክ የኤልኢዲዎቹ ከረንት ወደ ግማሽ፣ ሁለት ከመለስክ ወደ ሩብ ይወርዳል። መዞሪያዋም ትሠራልሃለች፤ ምንም ሽቦ አትቆርጥም።

ሌላው ሪዚስተር ነው። አራቱም በሚያልፉበት መስመር ላይ አንዲት 220 ኦም ሪዚስተር ብታስገባ እያንዳንዱ ኤልኢዲ ከ30 ወደ 5 ሚሊ አምፒር ይወርዳል። ሙቀቷ ከአንድ አሥረኛ ዋት አይበልጥም፣ ስለዚህ ትንሿ የሩብ ዋቷ ትበቃለች።

ሦስተኛው በፍጥነት እያበራ እያጠፋ የሚያደበዝዝ ዲመር ነው። በእጅ የምታዞረው ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ርካሾቹ ቀስ ብለው ነው የሚያርገበግቡት። ቀጥ ብለህ ስታየው አይታወቅህም፤ ዓይንህን ከመንገዱ ወደ ጌጁ ስትመልስ ግን መብራቱ ነጥብ ነጥብ እየሆነ ይበተንብሃል።


ካቻቢቴ
ረቡዕ ማታ 4:05

በዚያ ላይ ሬዲዮን ይረብሻል፤ መካከለኛ ሞገድ የሚያዳምጥ ካለ «ጭርርር» ነው የሚሰማው።

ወራሽ፣ ስትፈታ የባትሪውን ማሳ መጀመሪያ አውልቅ። ጌጁን ስትስብ ከኋላው የኮንታ ኪሎ ሜትሩ ገመድ አለ፤ በኃይል ከሳብከው ይበጠሳል፣ መጀመሪያ በእጅህ ፈልገህ አላቀው። ከጌጁ ጀርባ የተለጠፈው ስስ ፕላስቲክ፣ መዳብ የተሳለበት፣ የጌጁ የኤሌክትሪክ መስመር ሁሉ እሱ ነው። የ40 ዓመት ዕቃ ነው፣ ከተሰነጠቀ አይበየድም። አምፖሉን ሩብ ዙር አዙረህ ነው የምታወጣው፤ በካቻቢቴ አትፈልቅቀው (ስሜ ካቻቢቴ ነው፣ ግን እኔም አልፈለቅቅም)። ኤልኢዲ አልበራ ካለ አልተቃጠለም፤ ነቅለህ ገልብጠህ መልሰው። ፕላስና ማይነስ ይለያል።


የዲኤክስ_ወራሽ
ሐሙስ ማታ 4:48

ሁለት አምፖል ገዛሁና ሁለት በሁለት አደረግሁት። ሠራ! መዞሪያዋ ከሞት ተነሣች፣ ስጠመዝዛት ቀስ እያለ ይደበዝዛል።

ግን መልኩን ብታዩት። የቀኙ ግማሽ ቢጫ፣ የግራው ግማሽ ሰማያዊ። መርፌው ከ0 ተነሥቶ 60 ላይ ሲደርስ ከቀበሌ ወደ ቀበሌ የሚሻገር ነው የሚመስለው። እናቴ አይታ «ግማሹ መቅረዝ፣ ግማሹ ፍሪጅ» አለች። ሰማያዊ ኤልኢዲዎቹ ላይ የእህቴን ቀይ የጥፍር ቀለም ልቀባ አሰብኩ፣ እህቴ ግን አልሰጥም አለች።


ሾፌር_ነበርኩ
ዓርብ ጧት 12:50

የጥፍር ቀለሙን እኛም አድርገነዋል። በድሮው አምፖል ላይ ይጨስ ነበር። በዚህ በአዲሱ አይሞቅም አሉ፣ ይያዝልህ ይሆናል።


ካቻቢቴ
ዓርብ ጧት 2:25

እንደ ጋሼ፣ ይይዛል። ግን ልብ በል፣ መብራቱ ፊት ላይ ቀብተህ ጎኑን ብትተው ከጎን ሰማያዊው ይወጣል። እኔ ብሆን ሁሉንም አምፖል መልሼ አርፌ እተኛ ነበር። 3.4 ዋት ነው፣ ባትሪ አይጨርስብህም፤ መኪናዋም ስትሠራ ለእነሱ ነው የተሠራችው። ኤልኢዲ ይሻላል የሚባለው ስለማይቃጠል ነው፤ የአባትህ አምፖሎች ግን ስንት ዓመት ነው የኖሩት?


የዲኤክስ_ወራሽ
ዓርብ ጧት 2:40

እኔ ሳውቃት አንዴም ተቀይረው አያውቁም። አፌን ዘጋኸው። ግን አሁን ነገሩ እልህ ሆኖብኛል።


ሰማያዊ_ሌሊት
ዓርብ ቀን 9:10

ላወራው አልፈለግሁም ነበር፣ ግን ትናንት ማታ ከመሸንቲ ስመለስ ጣሪያውን አጥፍቼ ነዳሁ። መንገዱ ዳር ያሉ አህዮች ነበሩ፣ ስድስት። ከሩቅ አየኋቸው። ሁልጊዜም እዚያ ይሆኑ ይሆን እንዴ?


ባጃጅ_በቀኝ
ዓርብ ቀን 9:16

የእኔም ስፖኪዮ እዚያው ነበር ወንድም ቅቅቅ። በል ይሁን፣ ታርቀናል። እኔም የኋላ መብራቴ ከተቃጠለ ወር ሆኖኛል፤ እንዳትገጨኝ ዛሬ እቀይረዋለሁ።


የዲኤክስ_ወራሽ
እሑድ ጧት 4:20

የመጨረሻውን ሪፖርት ልስጣችሁ።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ አራቱንም ኤልኢዲ መለስኩና የጣና ዳርን 220 ኦም ከማሳው መስመር ላይ አስገባሁ። ሶልደር የሚያደርግ ጎረቤት አለኝ፣ እሱ በየደው፤ በናስትሮ ጠቀለልኩት። በርቶ ሳየው ቁጥሩ ይነበባል፣ በቃ። የመስታወቱ ነጸብራቅ ጠፋ። ግን ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገና ዓይን ሲይዝ፣ ድልድዩም ላይ፣ በጣም ደብዛዛ ሆነብኝ፤ ፍጥነቴን ለማየት ማጎንበስ ጀመርኩ። በ40 አንዲት ሰከንድ ዝቅ ብሎ ማየት 11 ሜትር ዓይን ጨፍኖ መሄድ ነው፤ ይሄም አያዋጣም።

ስለዚህ ከሪዚስተሯ ጎን አንዲት ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ገጠምኩ። ስትከፈት ከረንቱ ሪዚስተሯን ዘሎ ያልፋል፣ ጌጁ ይደምቃል፤ ስትዘጋ ይደበዝዛል። ድልድዩ ሲያልቅ ጠቅ አደርጋታለሁ። ሪዮስታቷ ጡረታ ወጥታለች።

ዛሬ ሌሊት ሄድን። ነጠላ የለበሱ ምእመናን በመንገዱ ግራና ቀኝ ወደ ጊዮርጊስ ይሄዱ ነበር፣ ከእናቴ እኩል አየኋቸው። ጥቁር ጃኬቱም አላመለጠኝም፤ ያው ሰውዬ ይሁን ሌላ አላውቅም፣ ብስክሌቱን ግን ዛሬም እየገፋ ነበር።


ጣና_ዳር_25
እሑድ ጧት 4:31

ማብሪያዋን እኔ አላሰብኳትም ነበር። ጎበዝ! ሪዚስተሯን ከበጠስካት ደግሞ ማብሪያዋ መድኅንህ ናት፣ ከፍተህ ቤትህ ትገባለህ።


ካቻቢቴ
እሑድ ቀን 6:02

ጥሩ ሥራ ነው። ፊውዙ የድሮው ይሁን፣ ትልቅ እንዳታስገባ። ማብሪያዋን ጉልበትህ የማይነካት ቦታ አድርጋት።


የዲኤክስ_ወራሽ
እሑድ ቀን 6:15

እሺ ወንድሜ። አንድ ችግር ግን ቀርቷል፣ ተደብቆ ነው የወጣው። ጌጁ ሲደበዝዝ ነው ያየሁት። እናቴ ዳሽቦርዱ ላይ ያስቀመጠቻት የማርያም ሥዕል ዙሪያዋ የሚበራ የሚጠፋ ትንንሽ መብራት አላት፣ አረንጓዴና ቀይ። በራሷ ባትሪ ነው የምትሠራው። አሁን መስታወቱ ላይ የሚንጸባረቀው እሷ ብቻ ናት። ለእሷስ ስንት ኦም ይበቃታል?


ካቻቢቴ
እሑድ ቀን 6:19

እሷን እኔ አልነካም። እናትህን ጠይቅ።


ሾፌር_ነበርኩ
እሑድ ቀን 6:40

ሥዕሏ ትቀመጥ። ባትሪዋን አውጣና «አለቀ» በላት።


የዲኤክስ_ወራሽ
እሑድ ማታ 1:25

ጋሼ፣ እናቴ ባትሪ ገዝታ ገባች።